ወለድ የሌለው ሶፋ

ሰላም ካለኝ ሻጭ ፊት ባዶ እጄን መውጣት አልችልም። ይህን ከመጀመሪያው ብነግራችሁ ይሻላል፤ አለበለዚያ መሀል ላይ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» እያላችሁ ታስቸግሩኛላችሁ። አንድ ቀን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ትንሽ ኮረሪማ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ ከፊቴ የነበረችው ሴት ያዘዘችውን አምስት ፓውንድ ሽሮ መዝና ለእኔ ሰጠችኝ። ተሳስተሻል ልላት አፌን ስከፍት «ጠፋሽ እኮ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። አለቀ። ደህና ነኝ ብዬ የሽሮውን ከፍዬ ወጣሁ። ኮረሪማውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ እዚያም ሰላም ስላሉኝ ሁለት ገዛሁ።

በሽሮ የመጣ ነገር ተበልቶ ያልቃል። እኔ የማወራችሁ ስላላለቀው ነው።

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በዱቤ ሲሸጥ ኖሮ ከማንም ወለድ አልተቀበለም፣ ለማንም ወለድ አልከፈለም። ሃይማኖታችን ወለድን ይከለክላል፤ አባቴ ደግሞ ከተከለከለውም አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። አንድ ጊዜ ባንክ ያስቀመጣት ገንዘብ ላይ ወለድ ተጨምሮ ቢያገኝ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና «የእኔ ያልሆነ ገንዘብ ተሳስቶ ደብተሬ ውስጥ ገብቷል» አላቸው። ስህተት እንዳልሆነ ቢያስረዱትም እስኪያነሱለት ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም።

ይህ አባት ሊጠይቀኝ ሊመጣ ሆነ። ኤምባሲው ቀጠሮ ሰጠው። እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ አንሶላ አጥፋለሁ፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከሰሚራ ጋር። ሰሚራ የቤት ተጋሪዬ ናት። በዕድሜ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በምላስ ሃያ። ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ ቴሌቪዥን ነበሩ። ከሁላችን ይበልጥ የተመቸው ቴሌቪዥኑ ነበር፤ እሱ ጠረጴዛ ነበረው።

«አባትሽ ሲመጡ የወሎ ሰው በሙሉ ሊጠይቃቸው ይመጣል» አለች ሰሚራ። «የት ልታስቀምጪው ነው? ቁጥር እየሰጠሽ በየተራ?»

እውነቷን ነበር። ከአገር ቤት አባት የመጣለት ሰው ቤቱ ለሁለት ወር የእሱ አይደለም። እንግዳው ከሮክቪል ይመጣል፣ ከበልትስቪል ይመጣል፣ የማታውቁት ሰው ሙዝ በላስቲክ ይዞ ይመጣል። መቀመጫ ያስፈልጋል።

ሱቁ ከሥራዬ ብዙም አይርቅም ነበር። መስኮቱ ላይ ከእኔ ቁመት በሚበልጥ ቀይ ጽሑፍ «ወለድ የለም፣ አሥራ ስምንት ወር» ይላል። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ይህን ቃል ግን የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ በየትኛውም ቋንቋ ባየው የማውቀው ይመስለኛል። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁና አትሳቁብኝ። ባለሱቁ ሙስሊም መሰለኝ። ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ስለነበር፣ ለጾሙ ብሎ ያደረገው መሰለኝ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው እያልኩ ገባሁ።

ሻጩ ከረባት ያሰረ ሐበሻ ነበር።

«ሰላም ነሽ እህቴ?» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግማሹን እናንተም ገምታችሁታል። ዓይኔን የጣልኩት ሁለት ሰው በሚይዝ የጨርቅ ሶፋ ላይ ነበር፤ ዋጋው ስድስት መቶ ዶላር። እሱ ግን ቡናማ፣ የቆዳ፣ ሦስት ሰፋፊ መቀመጫ ያለው ሶፋ ጋ ወሰደኝ።

«አባቴ ናቸው የሚመጡት አላልሽኝም?» አለ። «አባት በጨርቅ ላይ ይቀመጣል?»

አባቴ ዕድሜውን የኖረው በጨርቅ ነው ልለው ነበር። ግን ሰውየውን ማሳፈር መሰለኝ።

«አሥራ ስምንት መቶ ዶላር ነው» አለ። «ለአሥራ ስምንት ወር አካፍዪው፤ በወር መቶ። በየወሩ የሚጠይቁሽ ሚኒመም፣ ትንሹ ክፍያ፣ ግን አርባ ብቻ ነው። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ሙሉውን ጨርሰሽ ከከፈልሽ ወለድ የሚባል ነገር አታዪም።»

ልብ በሉ፣ ሰውየው አልዋሸኝም። «ጨርሰሽ ከከፈልሽ» ብሏል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብልህ ሰው እዚህ ላይ «ካልጨረስኩስ?» ብሎ ይጠይቃል። ግን እስቲ አስቡት። አንድ ሰው አምኗችሁ በአሥራ ስምንት መቶ ዶላር የሚሸጠውን ሶፋ በባዶ እጃችሁ ሲሰጣችሁ «ባልከፍልህስ?» ትሉታላችሁ? በአባቴ ሱቅ እንዲህ ያለን ሰው ጨርቁን ከእጁ ተቀብለው ነው የሚሸኙት። ስለዚህ በጨዋነት ዝም አልኩና ፈረምኩ። ስንት ገጽ እንደፈረምኩ አልቆጠርኩም፤ ኮምቦልቻ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን እስካቆም ድረስ ከጻፍኩት ሁሉ ግን ይበልጣል።

ስመለስ ሜትሮ ባቡር ውስጥ ሒሳቤን ሠራሁ። ከደሞዜ በወር መቶ ዶላር ማውጣት እችላለሁ። መቶውን በየወሩ ለሱቁ ብልክ በአሥራ ስምንት ወር ያልቃል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ቀላል ስለነበር ሰሚራ አልወደደችውም።

«እነሱ አርባ ጠይቀውሽ ለምን መቶ ትሰጫቸዋለሽ?» አለች። «ስልሳውን እቁብ ግቢበት።»

እኔም ወደድኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለሱቁ አንድ ወር ብዘል ማን ያየኛል? እቁብ ብዘል ግን እሁድ ከሰዓት ሃያ ሰው ያየኛል። እኔን የመሰለ ሰው የሚያጠራቅመው በአፍረት እንጂ በፍላጎት አይደለም። እትዬ ዘይነባ የሚሰበስቡት እቁብ ደግሞ በዚያው ወር ሊጀመር ነበር፤ ሃያ ሰው፣ በወር ስልሳ ስልሳ፣ ሲወጣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር። ዕጣ በመጀመሪያው ቀን ይወጣና ሁሉም ተራውን ያውቃል። የእኔ አሥራ ስድስተኛ ሆነ።

እንግዲህ ዕቅዴ ይህ ነው፦ በየወሩ ለሱቁ አርባ፣ ለእቁቡ ስልሳ። በአሥራ ስድስተኛው ወር እቁቤን እቀበላለሁ፣ የቀረብኝን የሶፋ ዕዳ በአንድ ጊዜ እዘጋለሁ፣ አርባ ዶላር ይተርፈኛል፣ ቀኑ ሳይደርስ ሁለት ወር ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። ዛሬም ሳስበው ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በሒሳብ አይታየኝም።

ሶፋው መጣ። ኤምባሲው ግን አባቴን «ተመልሰህ ለመሄድህ ማረጋገጫ የለንም» ብሎ መለሰው። ዱቤ ያለበትን ሰው ሁሉ ኮምቦልቻ ትቶ አሜሪካ የሚቀር ነጋዴ አይቼ አላውቅም፤ እነሱ ግን አላመኑም። እንደገና አመለከተ፣ እንደገና ጠበቅን። ሶፋውን ከአባቴ በፊት ማንም እንዳይቀመጥበት ብዬ ፕላስቲኩን አላነሳሁም። ከአንድ ዓመት በላይ እኔና ሰሚራ በፕላስቲክ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሶፋ ስናይ ኖርን።

«ይህ ሶፋ ከእኔ የተሻለ ነው የሚኖረው» ትላለች ሰሚራ። «አይሠራም፣ ማንም አይነካውም፣ በየወሩ አርባ ዶላር ይበላል።»

በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል። ሚኒመም የሚለውን አያለሁ፣ አርባ ዶላሬን እልካለሁ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል አንድ ሌላ ቁጥር ነበር። አይቼዋለሁ። የደንበኛ ቁጥሬ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። የደንበኛ ቁጥር በየወሩ ለምን እንደሚያድግ ግን ራሴን አልጠየቅኩም። አንዳንድ ሰው በኑሮው ያድጋል፤ እኔ በቁጥሬ እያደግሁ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ወር እትዬ ዘይነባ ደወሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።»

እትዬ ዘይነባ «ልለምንሽ» ካሉ ነገሩ አልቋል፤ የሚቀረው እናንተ መስማታችሁ ነው።

«አቶ ሰኢድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ተራቸው አሥራ ዘጠነኛ ስለሆነ አይደርስላቸውም፤ አዳራሽ ሊይዙ ነው። ያንቺ አሥራ ስድስተኛ ነው። አንቺ የምትድሪው የለሽ፣ የምትዳሪም አይመስለኝም በቅርቡ።»

«እኔ እኮ ለሶፋው...»

«ምን አልሽ?»

«ምንም። እሺ እትዬ።»

«አላህ ይስጥሽ። ወርቅ ልጅ ነሽ እኮ።»

ወርቅ መባሌን ለሰሚራ ነገርኳት። ሰሚራ አትክልት እየከተፈች ነበር፤ ቀናም አላለች።

«ወርቅማ ነሽ» አለች። «ለዚህ ነው የቸገረው ሁሉ የሚያስይዝሽ።»

እኔ ግን ብዙም አልደነገጥኩም። ተራ ስለተለዋወጥን እቁቡ የሚደርሰኝ በአሥራ ዘጠነኛው ወር፣ ሱቁ ከሰጠኝ ቀን አንድ ወር ዘግይቶ ነው። አንድ ወር ለዘገየ ሰው የአንድ ወር ወለድ። ሃያ ዶላር ቢሆን፣ ሠላሳ ቢሆን። አላህን ይቅርታ ጠይቄ፣ አባቴ ሳያውቅ፣ በዝምታ እከፍላታለሁ አልኩ። የተማረ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ያስረዳኝ ነበር። ግን የተማረ ሰው ለመጠየቅ ሶፋ በዱቤ መግዛቴን መናገር ነበረብኝ፤ ይህ ደግሞ ያሳፍራል።

አባቴ ሁለተኛው ቀጠሮው ላይ ቪዛ አገኘና መጣ፤ የሱቁ ቀን ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ፕላስቲኩን በዚያው ጠዋት በመቀስ ቀደድነው። አባቴ እንደገባ አልተቀመጠም። ሶፋውን ዞረው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጀርባውን ጎንበስ ብሎ አየው።

«በካሽ ነው በዱቤ?» አለኝ።

«በዱቤ።»

«ወለድ አለው?»

«የለውም፣ አባዬ።»

«ምንም?»

«ምንም። መስኮታቸው ላይ ጽፈዋል።»

በዚያ ቀን የነገርኩት እውነት ነበር፤ ለሁለት ሳምንት እውነት የሚሆን እውነት። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ደገፍ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅ ማሳደግ መጨረሻው ይህ እንደሆነ ያመነ መሰለ።

ቀኑ ሞላ፣ አለፈ። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። እኔና ሰሚራ ማዕድ ቤት ነበርን። እሷ ናት የከፈተችው።

«ስንት ነበር የቀረሽ?»

«አንድ ሺህ ሰማንያ።»

«አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥር ይላል።»

«የሌላ ሰው ይሆናል።»

«ስምሽ ነው። ስድስት መቶ ሠላሳ ዶላር ወለድ።»

«ለአንድ ወር?»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ከሳሎን የአባቴ ድምፅ ይሰማል፤ ኮምቦልቻ ካለው ወንድሙ ጋር በስልክ ያወራል።

«በሥነ ሥርዓት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው» ይላል። «ለማያውቋት ልጅ የቆዳ ሶፋ በዱቤ ሰጧት፤ ወለድ የለ፣ መያዣ የለ። እስላም ሳይሆኑ እንዲህ ካደረጉ እኛ ምን እንላለን? አዎ፣ አሁን እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው የማወራህ።»

ነገሩ ስድስት መቶ ዶላር ብቻ ቢሆን አልቅሼ እተወው ነበር። ግን አባቴ ከነልብሱ፣ ከነእምነቱ፣ በእኔ ቃል ወለድ ላይ ተቀምጧል፤ ይህንንም ለከተማው በሙሉ እያስተላለፈ ነው። እሱ ሳያውቅ ወለዱ መነሳት አለበት አልኩ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፈትኩ፣ ለሱቁ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። አንድ ተጫኑ፣ አራት ተጫኑ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ አማርኛ አስተርጓሚ ለምኜ አስገባችልኝ። ድምፁ የጎለመሰ ሰው ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ያልሽውን ብቻ ነው የማስተላልፈው። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ለሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ ፊቱን ስለማላየው ይሆናል። አባቴን ነገርኩ፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ነገርኩ፣ እቁቡን፣ የአቶ ሰኢድን ልጅ፣ አዳራሹን። አምስት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። አስተርጓሚው ጠብቆ ጠብቆ በእንግሊዝኛ አራት ቃል ተናገረ። ሴትየዋ በተራዋ ረጅም ንግግር አደረገች።

«አይሆንም ትላለች» አለኝ።

«ያን ሁሉ ተናግራ?»

«የቀረው ምክንያቱ ነው። ልንገርሽ? ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ነበር። ጎን ለጎን ይጽፉታል እንጂ አይጠይቁሽም። በቀኑ ሙሉውን ከዘጋሽ ያን ወረቀት ቀደው ይጥሉታል፣ ምንም የለብሽም። አንድ ዶላር ከቀረሽ ግን የአሥራ ስምንቱ ወር ወለድ በአንድ ላይ ይመጣል።»

«የከፈልኩትስ?»

«ከመክፈልሽ በፊት የወለደው ያው ወልዷል። በየወሩ ሚኒመም ብቻ የሚልክ ሰው በቀኑ አይጨርስም፤ እንዲጨርስም ተብሎ አልተሠራም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ከእኔ ነው፣ ከእሷ አይደለም። እኔም በፍሪጅ ገብቼበታለሁ። አሥራ ሰባት ዶላር ቀርታኝ።»

«ውይ። ስንት አስከፈሉዎት?»

«እሱን ለባለቤቴም አልነገርኩ።»

ሴትየዋ ምን እያወራችሁ ነው ብላ ጠየቀች መሰለኝ። «ታመሰግንሻለች ነው ያልኳት» አለኝ። ከዚያ ሴትየዋ በደስታ ድምፅ ሌላ ነገር ተናገረች። «ጥሩ ደንበኛ ስለሆንሽ» ብሎ ተረጎመ፣ «ሌላ ዕቃ ከፈለግሽ አሥራ ሁለት ወር ያለ ወለድ ልትሰጥሽ ትችላለች።»

አላህ ያሳያችሁ፣ ሴትየዋ ስልኩን ስታነሳ ሰላም ብላኝ ነበር። ዝም ማለት አልቻልኩም፤ አፌ እሺ ሊል ተከፈተ። አስተርጓሚው ግን ምንም ሳልል «አትፈልግም» ብሎ ተረጎመልኝ። ያን ሰው በሕይወቴ አላገኘውም፤ ለእኔ እንደ እሱ የተናገረልኝ ግን የለም።

ስወጣ አባቴ ሶፋው ላይ ነበር።

«ውሃው ለምን ያን ያህል ፈሰሰ?» አለኝ።

ቆሜ ነገርኩት። አንሶላ ከመታጠፉ በፊት እንደሚያዝ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ መሬት መሬት እያየሁ። አባቴ ከሶፋው ቀስ ብሎ ተነሳና የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁጣውን ጠበቅሁ። እሱ ግን ሱቁ ውስጥ ሆኖ የማያውቀውን ጨርቅ እንደሚያገላብጥ ሆነ።

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«አንድ ዶላር ብቻ ቢቀርሽስ?»

«ያው ነው አሉ።»

«ቀኑ ሊደርስ ሲል ሰው ልከው አስታወሱሽ?»

«አላስታወሱኝም። ወረቀቱ ላይ በትንሹ ተጽፏል።»

«እኔ በዱቤ ስሰጥ ሰውየው በቀኑ እንዲከፍለኝ ዱዓ አደርጋለሁ» አለ። «እነዚህ እንዳይከፍላቸው ነው የሚያደርጉት።»

ከዚያ ስልኩን አንስቶ ወንድሙ ጋ ደወለ፤ ስለ አሜሪካ ያለውን ሁሉ ሻረው። በጣም አጭር ጥሪ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ መጣን። ሶፋውን መመለስ አይቻልም፣ መሸጥ ዕዳውን አያወርድም፣ እንግዶቹ ደግሞ እሁድ ይመጣሉ። አባቴ ሌሊቱን ያሰበበት ይመስለኛል። ጠዋት ሳሎን ስገባ ሶፋውን በስንዝር እየለካ አገኘሁት።

«አሥራ ስምንት መቶው የዕቃው ዋጋ ነው፤ እሱ ንጹሕ ነው» አለ። «ስድስት መቶ ሠላሳው ወለድ ነው። ስድስት መቶ የአሥራ ስምንት መቶ ሲሶ ነው። ሶፋው ሦስት መቀመጫ አለው።»

በመስኮቱ በኩል ያለውን መቀመጫ ለወለዱ ለየው።

«ሠላሳዋስ?» አለች ሰሚራ፣ ልታሾፍ።

አባቴ አላሾፈም። የዚያኑ መቀመጫ የእጅ መደገፊያ ጨመረበት። «ሸህ ጠይቄ አይደለም» አለ። «ሸህ ብጠይቅ ይስቁብኛል። እኔ ግን የምቀመጠው ልቤ በሚያርፍበት ነው።» ከዚያ ሁለቱ መቀመጫዎች ላይ እጁን ወደ መስኮቱ በኩል እንዳያሳርፍ ተጠንቅቆ ተቀመጠ።

እሁድ ሰው መጣ። የመጣ ሰው ሁሉ አባቴን ሰላም ይልና ቀጥ ብሎ ወደ ሦስተኛው መቀመጫ ይሄዳል፤ ባዶው እሱ ነዋ።

«እዚያ አይቀመጡ» ይላል አባቴ።

«ምነው፣ ተሰብሯል?»

«ወለድ አለበት።»

ከዚያ ይተርካል። ከመስኮቱ ጽሑፍ ጀምሮ እስከ ሠላሳዋ ዶላር ድረስ፣ ስሜን እየጠራ፣ እኔ ሳምቡሳ ይዤ መሀል ላይ ቆሜ። ከልብ የሚያዝን ሰው ስለሆነ አንድም ነገር አይዘልም። ሰው እንዳይሰማብኝ ስል ቧንቧ የከፈትኩበት ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ሮክቪልና በልትስቪል ደረሰ።

ያልጠበቅሁት ነገር ግን መጣ። ከሮክቪል የመጣ፣ ወገቡን የሚያመው አንድ ታክሲ ነጂ ወለሉ ላይ ትራስ ተደግፎ ሲሰማ ቆይቶ «እኔ በፍራሽ» አለ።

«ምን በፍራሽ?»

«ገባሁበት። አንድ ቀን ነው ያለፈኝ። ወገቤን ብዬ የገዛሁት ፍራሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ጭራሽ የታመምኩት።»

አንዲት የበልትስቪል ሴት ሻይዋን አስቀመጠች። «የእኔ ጥርስ ነው» አለች።

ሁላችንም ጥርሷን አየን።

«የጥርስ ሐኪሙም እንዲህ ያለ ካርድ አለው። ዓመት ያለ ወለድ ብሎኝ ነበር።»

«የትኞቹ ናቸው?» አለች ሰሚራ።

ሴትየዋ በእጇ አፏን ሸፈነች። አባቴ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ ጥርስ እንዴት ለሦስት እንደሚከፈል እያሰላ ይመስላል። እነዚህን ሰዎች ዓመታት አውቃቸዋለሁ። በየእሁዱ እቁብ ላይ አብረን ስንስቅ ሁሉም የየራሱን ደብዳቤ በየመሳቢያው ቆልፎ ነበር የሚመጣው።

በዚህ ሁሉ መሀል እትዬ ዘይነባ በአንደኛው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ነበር። እትዬ ዘይነባ ዝም አይሉም። ሳምቡሳውን ሳቀርብላቸው አልወሰዱም፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ፖስታ አወጡና ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«እስቲ ይህን እይልኝ» አሉ። «የምግብ ጠረጴዛ ነው፣ ከነስድስት ወንበሩ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ማንበብ አልችልም እል ነበር። አሁን ግን የት እንደሚታይ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ፣ ወደ ግርጌው ወረድኩ።

«ዘጠኝ ቀን ቀርቶዎታል» አልኩ። «ዕዳው ስድስት መቶ ሃምሳ ነው። ይቺኛዋ ደግሞ እየጠበቀችዎት ያለችው ወለድ ናት። አራት መቶ ገብታለች።»

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱን አላዩትም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«የእኔ ተራ መጨረሻው ነው፣ ሃያኛው» አሉ። «ያንቺ የሚወጣው የፊታችን እሁድ ነው፣ አይደል? ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።»

ያ እቁብ የአባቴ መቀመጫ ነበር። አንድ ወር በዘገየ ቁጥር ወለዱ ይጨምራል፤ ሦስተኛው መቀመጫ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል፣ አባቴ አገሩ ሳይገባ ከሶፋው ላይ ጨርሶ ይወርዳል። አባቴ ምንጣፉን ያያል። አልረዳኝም። ሰሚራ እንኳ ምላሷን ያዘች።

«አይሆንም፣ እትዬ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

አይሆንም ማለት ይከብዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። የሚከብደው ግን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሳታስቡት ያመልጣችኋል፤ ሁለተኛውን ግን ሰው ሁሉ እያያችሁ፣ አስባችሁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ነው የምትሉት።

«አይሆንም። ተራዬን አልሰጥም። ዘጠኝ ቀን ግን ብዙ ነው፤ ዛሬውኑ አቶ ሰኢድ ጋ ይደውሉላቸው። ሰርጉ አልፏል፤ እኔ ወር እንዳበደርኳቸው እሳቸው ደግሞ ተራዎ እስኪደርስ ስድስት መቶ ሃምሳውን ያበድሩዎት።»

ድምፄ ትንሽ ሳይጮህ አልቀረም። ታክሲ ነጂው ከወለሉ ተነሥቶ ባዶ ባገኘው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ደንግጦ ይሁን ወገቡን አሞት አላውቅም። እትዬ ዘይነባ ፖስታቸውን እንደያዙ ዞር ብለው ወንበራቸውን ፈለጉ፤ ተይዟል። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውንም መደገፊያው ላይ አሳረፉ።

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። አባቴ የሳምቡሳውን ሳህን ወደ እሳቸው አስጠጋና «ይብሉ» አላቸው። አላስነሳቸውም።